ዘንዶው ፊት ቆማ የቀረችው ልጅ

«ልጄ፣ ገጽ ዘለልሽብኝ እንዴ?» አሉኝ አባቴ ዛሬ። ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ መጽሐፍ የማነብላቸው እኔ ነኝ።

አልዘለልኩም! የምንወደው የፋንታሲ ደራሲ በአዲሱ የአጭር ልቦለድ መድበሉ ዘንዶውን ከዋሻ አስወጥቶ፣ ልጅቷን ፊቱ አቁሞ፣ ታሪኩን እዚያው ጨረሰው።

ቀጣዩም እንዲሁ ነው። ሦስተኛውማ ከድሮው ልቦለዱ የተረፈ ቁራጭ ነው፤ ስሞቹን እንኳ አልቀየረም!

ከአዲስ አበባ እስከ ሞላሌ በአውቶቡስ ያስመጣሁት ይህን ነው? (አጭር ማለት ያላለቀ ማለት ነው እንዴ?)

አባቴ ግን አዘኑለት። «ሰውዬው ታሞ ይሆናል። ጤነኛ ሰው ልጅቷን እንዲህ ጥሏት አይሄድም።»

«አልታመመም አባዬ፣ ንቆን ነው» አልኳቸው። የመጨረሻውን ገጽ እንደገና አስነበቡኝ። የዚያን ጊዜ ነው ይበልጥ የተናደድኩት።

እናንተንስ የምትወዱት ደራሲ እንዲህ አድርጓችሁ ያውቃል? ጻፉልኝ፣ ለአባቴ አነብላቸዋለሁ።