ከሐጂ ቤት የመጡት ሁለት መዝጊያዎች

ሸዋ ሮቢት አስፋልቱ ዳር ቶርኖ ቤት አለኝ። ከደብረ ሲና ቁልቁል ፍሬን እየረገጠ የወረደ መኪና ሁሉ የሚያቃስተው እኔ ደጅ ሲደርስ ነው። ለደንበኛ ብረት ሁሉ አንድ ነው። አንዱ ከወደቀ ቤት የነቀለውን ፌሮ ይዞ ይመጣና "ከዚህች ፒን አውጣልኝ" ይላል። ፌሮ ለስላሳ ነው፣ ነገ ይጎብጥብሃል ስለው ስግብግብ አድርጎኝ ወደ ጎረቤቴ ይሄዳል። ሲጎብጥበት ተመልሶ የሚጨቃጨቀው ግን ከእኔ ጋር ነው።

አባቴ ወደ ቶርኖ ቤቴ ከመጣ ወይ ሊወቅሰኝ ነው ወይ ሊያዘኝ። የክርስትና አባቴ የሚቀበርበት ዕለት ጠዋት ግን ከሰፈራችን አዛውንት ከሐጂ ጋር መጣ። ፊቱ ጠቁሯል፤ ሐጂ ደግሞ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ደረታቸው ላይ አቅፈዋል። ምን እንደሆነ ሳይነግሩኝ አወቅሁት።

አባቴና የክርስትና አባቴ አበልጆች ነበሩ። መሬታቸው ከአንድ ቦይ ነው የሚጠጣው። ከዓመታት በፊት፣ ሽንኩርት ውኃ በሚጠማበት ወር፣ በውኃ ተራ ተጣሉ፤ የክርስትና አባቴን ወንድሞቹ "ውኃህን ተቀምተህ ዝም ትላለህ?" እያሉ ቆሰቆሱት። አንድ ቀን ምንሽር ጠመንጃውን ይዞ ቦዩ ዳር መጣ፤ ሰው ሁሉ እያየ አባቴ ላይ አነጣጥሮ ቃታ ሳበ። ቀጭ አለና ከሸፈ። አባቴ የራሱን ምንሽር ሊያመጣ ሲሮጥ ሽማግሌዎች ደጁ ላይ ደረሱበት። ወዲያው የሁለቱንም ጠመንጃ መዝጊያ ነቅለው ለሐጂ አደራ ሰጡ። መዝጊያ ጥይቱን ከኋላ ቆልፎ የሚይዘው፣ የሚወጋውንም መርፌ በሆዱ የሚሸከመው ብረት ነው። እሱ ከሌለ ጠመንጃ ዱላ ነው፤ ለዱላነትም ይከብዳል። ሐጂ የተመረጡት የማንም ወገን ስላልሆኑ ነው፤ በዘርም በእምነትም ለሁለቱም ባዳ ናቸው።

እርቅ ወረደ፣ ተሳሳሙ። አባቴ ግን ከዚያ ወዲያ አንድም ቀን "አበልጄ" ብሎ ጠርቶት አያውቅም። "ያ ሰውዬ" ነበር የሚለው። ነገሩ በተነሳ ቁጥር "ቃታ ስቦብኛል፤ ያተረፈኝ እግዜር ነው" ይላል። እኔ የክርስትና አባቴን እወደው ነበር። ልጠይቀው የምሄደው ግን እንደ ሌባ ዙሪያ ጥምጥም ነበር፤ በዚህ በአባቴ በጣም እናደድ ነበር።

የክርስትና አባቴ ሲሞት ሽማግሌዎቹ መዝጊያዎቹ ይመለሱ አሉ። ቀብሩ ላይ የሟች ልጅ ይተኩስ፣ አባቴም ይተኩስ፤ ቂም አለመኖሩን አገር ይይ። ለሚሊሻዎቹም ተነገረ።

ሐጂ በጠዋቱ የአባቴን መዝጊያ ይዘው ቤቱ ሄደው ነበር። አባቴ ፈታ አድርጎ ቢያየው መርፌው ጫፍ የለውም።

"ይህ የኔ መርፌ አይደለም" አለኝ፣ ገና ከመግባቱ። "የኔን ማጀቴ ከተማ ያለው ቀጥቃጭ ከመኪና ባሌስትራ ነው የሠራልኝ። ለውጠውብኛል! ቀብሩ ላይ እንዲከሽፍብኝና መሳቂያ እንድሆን ነው። ወንድሞቹን እዚያው አስከሬኑ ፊት ነው የምጠይቃቸው።"

"ኧረ ባክህ" አሉ ሐጂ። "ከእጄ ሳይወጣ ማን ይለውጠዋል?"

"እኔ እንጃ፤ አንቱ ይንገሩኛ።"

አባቴ ያለውን የሚያደርግ ሰው ነው። ያንን ቃል ቀብሩ ላይ ቢናገር የሟች ወንድሞች ዝም እንደማይሉ ሦስታችንም እናውቃለን። ዱላ የያዘ ብቻ አይደለም ቀብር የሚመጣው።

"ሐጂ፣ የሟቹስ መዝጊያ?" አልኳቸው።

ጨርቁን ፈቱት። ለልጁ ገና አልሰጡትም ነበር። ሞርሳ ላይ አስሬ ፈታሁትና መርፌውን አወጣሁ። ጠቆር ያለ፣ ወገቡ ላይ የእጅ ሞረድ ጠባሳ ያለበት፣ ጫፉ ደህና የሆነ መርፌ ነው። የባሌስትራ ብረት ስንት ዘመን ስቆርጥ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ አይጠፋኝም።

"አባባ፣ ያንተ መርፌ ይኸውልህ" አልኩት።

ሐጂ ሁለቱን መርፌዎች ወደ ዓይናቸው አስጠግተው አዩ፣ አራቁና ደግመው አዩ። ከዚያ የጎማ ቸርኬ ላይ ቁጭ አሉ።

"እኔ ነኝ" አሉ። "ወላሂ እኔ ነኝ። ክረምት በገባ ቁጥር ሁለቱንም ፈትቼ ዘይት እቀባቸው ነበር። የሰው አደራ ዝጎ ይመለሳል? ዓይኔ ሲደክም አደባልቄዋለሁ ማለት ነው።"

አባቴ ሳቀ። ሁላችንም ሳቅን፤ ከላያችን ሸክም ወረደልን። "በሉ ተዉት" አላቸው። ወደ እኔ ዞሮም "ቶሎ ቀያይርና ልሂድ" አለኝ።

ጫፍ የሌለውን መርፌ ወደ ቦታው ልመልሰው አነሳሁት። እጄ ላይ ቀረ። የክርስትና አባቴ ምንሽር ከአባቱ የወረሰው ነው፤ "አንዲት ብሎን አልተነካችም" እያለ ይኮራበት ነበር። እንግዲያው ይህ መርፌ ፋብሪካ የሠራው ነው። ሞረድ አሳረፍኩበት፤ ተንሸራተተ እንጂ አልነከሰውም።

"ምን ያፈዝሃል?" አለ አባቴ።

"ጫፉ እንዴት እንዲህ ሆነ እያልኩ ነው።"

"አልቆ ይሆናላ።"

"እንዲህ ያለ ብረት እንዲህ አያልቅም። ፌሮ ቢሆን ኖሮ እንደተመታ ምስማር ራስ ይዘረጋ ነበር። ቢሰበር ደግሞ ሻካራ ይሆናል። ይህ ለጥ ብሏል፤ ጭረቱም ወደ አንድ ወገን ነው። መሳያ ድንጋይ ላይ የተፈገፈገ ነው፣ አባባ። ሞረድ አይበላውማ። ቁጭ ብሎ፣ ረጋ ብሎ የሚሠራ ሥራ ነው።"

አባቴ ወደ ሐጂ ዞረ።

"ድንጋይ አላስነካሁትም" አሉ። "ዘይትና ጨርቅ ብቻ። መዝጊያው እዚያው ቦዩ ዳር ከጠመንጃው ሲነቀል በእጄ ተቀብያለሁ።"

እንግዲያው የክርስትና አባቴ ቦዩ ዳር ከመምጣቱ በፊት የገዛ ጠመንጃውን አምክኖታል። የተናደደ ሰው መሳያ ድንጋይ ይዞ ያን ያህል አይቀመጥም።

"ሊገድለኝ አልነበረም በለኛ" አለ አባቴ።

"አልነበረም።"

"ታዲያ እስኪሞት ድረስ ለምን አይነግረኝም?"

"ምን ይበልህ?" አሉ ሐጂ። "በማይተኩስ ጠመንጃ ወጣሁ ቢል ወንድሞቹ ያኖሩታል? ከሸፈበት እየተባለ መኖርን መረጠ።"

እውነት ነው። ጠላ ቤት ሳይቀር "ያንተ ነገር ሁሌ ይከሽፋል" እያሉ ይቀልዱበት ነበር። እሱም አብሮ ይስቅ ነበር። እኔም አንዳንዴ ስቄያለሁ።

አባቴ አለቀሰ። ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም፤ መርፌዎቹን ወደየቤታቸው ልመልስ አጎነበስኩ። እጄን ያዘኝ።

"ተወው። ሐጂ እንዳደረጉት ግጠመው።"

"አባባ፣ ያንተኛው እኮ አይተኩስም።"

"ደንቆሮ መሰልኩህ? ግጠም።"

የማጀቴው መርፌ በሟቹ መዝጊያ ውስጥ ያለ ችግር መሥራቱን ደጋግሜ አረጋገጥኩ። ፊቱ ላይ ሊፈነዳ የሚችል ነገር ለልጁ በግምት አይሰጥም። ሐጂ መዝጊያውን ይዘው ወደ ለቅሶው ቤት ቀደሙን፤ አባቴ የራሱን በኪሱ ከቶ ሄደ።

አስከሬኑ ቤተ ክርስቲያን ሳይገባ ሜዳው ላይ አረፈ። የሟች ልጅ ተኮሰ፤ ድምፁ ተራራው ላይ ደርሶ ተመለሰ። ቀጥሎ አባቴ ወደ ፊት ወጣ። የሟች ወንድሞች እጃቸውን አጣምረው ያዩታል። አባቴ አፈሙዙን ወደ ሰማይ አቅንቶ ቃታ ሳበ።

ቀጭ።

ከኋላዬ አንዱ "ከሸፈበት" አለ፤ ሌላው ሳቁን በነጠላው ሸፈነ። አባቴ ደግሞ አልሞከረም። ጠመንጃውን ትከሻው ላይ አንግቶ ወደ ሬሳ ሳጥኑ ሄደና እጁን አሳረፈበት።

"አበልጄ" አለ፣ ሁሉም እየሰማው። "የኔም ከሸፈ።"