ዓርብ ዕለት የተጠጣ ውሃ

ከአውሬ ወይም ከፖሊስ ካልሆነ በቀር ሰው ለምን እንደሚሮጥ ገብቶኝ አያውቅም። ለበጎ አድራጎት መሮጥ ደግሞ ጭራሽ አይገባኝም። ለተቸገረ መስጠት የፈለገ አውጥቶ ይስጥ፤ ሌላ ሰው በፀሐይ ሲቃጠል ካላየ እጁ የማይፈታለት ለምንድን ነው? ይህን ያኔም እል ነበር፤ ዛሬም እላለሁ። ቢሆንም በሕይወቴ አንድ ጊዜ ለአንድ ሯጭ ውሃ ተሸካሚ ሆኛለሁ።

ጋምቤላ ክልል በሆነች በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ነው። የቢሮዎቹ ሰሌዳ ቀለም ገና አልደረቀም፤ ጠዋት የግብርና ኃላፊ የነበረ ሰው ከሰዓት የትምህርት ኃላፊ ሆኖ ይገኛል። ከደጋ የመጣን መምህራንና የጤና ሠራተኞች እንቆይ ይሆን ወይስ እንሸኝ እያልን ሻንጣችንን ሳንፈታ እንኖር ነበር። እኔ መምህር ነኝ፤ ጎረቤቴ በጤና ጣቢያው ድሬሰር ነው፤ ቁስል የሚያጥብ፣ መርፌ የሚወጋ። ከተማው ግን «ዶክተር» ይለዋል። እኔም ለማብሸቅ ያህል እንዲሁ እለው ነበር፤ እያደር ቀልዱ ቀርቶ ስሙ ሆነ።

በክረምቱ ሚስቱ ልትወልድ ስትል ወባ ወደ ጭንቅላቷ ወጣባት። ሦስት ቀን ሙሉ ራሷን አታውቅም ነበር። በጤና ጣቢያው ያለውን መድኃኒት ሁሉ ሰጣት፤ ሲያልቅበት ወደ ቅዱስ ገብርኤል ዞረ። እሷም ተረፈች፣ የወለደቻት ልጅም ተረፈች። ምን ብሎ እንደተሳለ ግን እስከ ጥር አልነገረኝም።

በጥር የፕሮቴስታንቶቹ ቤተ ክርስቲያን በመጋቢት የሚካሄድ ሩጫ ማዘጋጀት ጀመረ። ከሩቅ በባሮ በጀልባ የሚመጡ የሳንባ ሕመምተኞች መድኃኒታቸውን እስኪጨርሱ የሚያድሩት ከጤና ጣቢያው ማንጎ ዛፍ ሥር ነበር፤ ሩጫው ለእነሱ ማረፊያ ለመሥራት ነው። ከአቦቦ እስከ ጋምቤላ አርባ ምናምን ኪሎ ሜትር ይሆናል። ሯጩ በእግሩ ለጨረሰው ለእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር ነጋዴዎቹ አንድ ቆርቆሮ ሊሰጡ ቃል ገቡ። መኪና ላይ ከወጣ የቀረው አይቆጠርለትም።

ዶክተር ለመሮጥ ተመዘገበ።

«አንተ ኦርቶዶክስ ነህ፤ የጴንጤ ሩጫ ውስጥ ምን ዶለህ?» አልኩት።

«እሷን አትርፍልኝ፣ ዛፍ ሥር የሚያድሩትን ጣሪያ ሥር አስገባቸዋለሁ ብዬ ተስያለሁ» አለኝ። «ቆርቆሮ መግዣ የለኝም። እግር አለኝ።»

ኮሚቴው ቀኑን ዓርብ አደረገው። እሁድ አምልኮ አላቸው፤ ቅዳሜ ገበያ ነው። ያ ዓርብ ሁዳዴ ውስጥ እንደሚውል፣ ዶክተርም በጾም ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ እንኳ ወደ አፉ እንደማያስጠጋ ያሰበ አልነበረም። እሱም አልነገራቸውም። «በሰው ድግስ ገብቼ ቀን አላስቀይርም» አለ።

በአቦቦ መንገድ ልምምድ ጀመርን። ጀመርን ስል እሱ በሸራ ጫማ ይሮጣል፤ እኔ ጀሪካን ከኋላ አስሬ በብስክሌት እከተላለሁ። የኮሚቴው ሰብሳቢ፣ ረጅም የኑዌር ወንጌላዊ፣ አንዳንድ ጠዋት አብሮን ይሮጥ ነበር። ጾሙ ከገባ በኋላ አንድ ቀን ከእኔ ጀሪካን ጠጥቶ አፉን ጠረገና፣

«ዶክተር፣ እግዚአብሔር ባሮን የሰጠው ለአዞ ብቻ ነው?» አለው።

«ለአዞና ለጴንጤ ነው» አለ ዶክተር፣ ሳይቆም።

ወንጌላዊው እስኪያስለው ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅኩም። የጋምቤላ መጋቢት ምን እንደሚመስል የማያውቅ ሰው ምድጃ አፍ ላይ ፊቱን ደቅኖ ይሞክረው። ዶክተር አሥር ኪሎ ሜትር ሳይጠጣ ሮጠ፤ ሃያም ሮጠ። ሽንቱ የሻይ መልክ እንደያዘ ራሱ ነገረኝ። በሽተኛ እንዲህ ቢለው ምን ብሎ እንደሚቆጣው ሁለታችንም እናውቃለን።

ሄጄ የነፍስ አባቱን ጠየቅኩ። «መንገደኛና ሕመምተኛ ይፈቀድለታል» አሉኝ። «ግን ራሱ ይምጣ። ጾም በወኪል አይፈታም።»

ነገርኩት።

«አልሄድም» አለ። «ከጠየቅኳቸው ይፈቅዱልኛል።»

«ታዲያ ምን ትፈልጋለህ?»

«ስማጸን ግማሽ ሚስት አትርፍልኝ አላልኩም። ስከፍል ለምን ጎደሎ እሰጣለሁ?»

እምነቱን እንደ ሒሳብ ይዞታል ብዬ አሾፍኩበት። ያነበብኩትን ሁሉ አመጣሁበት። በክርክር አሸነፍኩት፤ እሱ ግን ዓርብ ጠዋት ሳይጠጣ መጣ።

ሯጮቹ ከአቦቦ ጎህ ሲቀድ ተነሡ፤ እኔም በብስክሌቴ ተከተልኩ። አራት ሰዓት ላይ ፀሐዩ አናት ይበሳ ጀመር። ወንጌላዊውና ሌሎቹ ቀድመውናል። ሠላሳ ኪሎ ሜትር ካለፍን በኋላ የዶክተር ላብ ቆመ፤ ቆዳው ደረቀ። ከዚያ አቅጣጫው ጠፍቶት ድንገት ዞሮ ወደ አቦቦ መሮጥ ጀመረ፤ ወደ መጣንበት። ብስክሌቱን ጥዬ ያዝኩት።

«አባ ፈቅደውልሃል» አልኩት።

«መቼ?»

«ትናንት ከሰዓት። ሲጨንቀው ካየህ ንገረው፣ ይጠጣ ብለውኛል።»

«ሳልጠይቃቸው?»

«ሳትጠይቃቸው።»

ትክ ብሎ አየኝ። ውሸታም ፊት እንዳለኝ አውቃለሁ፤ ማመን ስለፈለገ አመነኝ። ጀሪካኑን በሁለት እጁ ይዞ ጠጣ፤ ትንሽ አስመለሰው፤ እንደገና ጠጣ። ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ «ተመስገን» አለ። በቤተ ክርስቲያንም በመጽሐፍም ብዙ ምስጋና ሰምቻለሁ። እንደዚያ ያለ አልሰማሁም።

ቀሪውን ግማሹን እየሮጠ ግማሹን እየተራመደ ጨረሰ። ከማንጎው ሥር ያሉት ሕመምተኞች እልል ሲሉ ሳል ያቋርጣቸው ነበር። ቆርቆሮው አንድም ሳይጎድል መጣ። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ይህን ባልጻፍኩ ነበር።

ሰኞ ከሰዓት ደጃፉ ላይ ተቀምጠን ነበር። እግሩን ጨው ባለበት ውሃ ነክሮ ፊቱ ያበራል። «አየህ» አለኝ፣ «እኔ አልጠየቅኩም። ገብርኤል ነው አባን ያሳሰበልኝ። ከሚስቴ ቀጥሎ ሁለተኛ ተአምሬ ነው።»

ዝም ማለት እችል ነበር። ዝም ለማለት የሚያስፈልገው አፍን መዝጋት ብቻ ነው። ነገር ግን በገዛ እጄ የሠራሁት ተአምር ለመልአክ ሲሰጥ መስማት አልቻልኩም።

«ገብርኤል አይደለም፤ እኔ ነኝ» አልኩት። «አባ ምንም አላሉም። ይኸው ጠጣህ፤ ሰማዩም አልወደቀም።»

አንዱን እግሩን ከውሃው አወጣና አደረቀ። ከዚያ ሌላውን። «ደግ» አለ። ያሸነፍኩ መሰለኝ።

ሐሙስ ሚስቱን «ለክትባት ሥራ አቦቦ እሄዳለሁ» ብሏት ወጣ። ዓርብ ጠዋት ብቻውን፣ ያለ ብስክሌት፣ ያለ ጀሪካን፣ እንደገና ሊሮጥ ከአቦቦ ተነሣ። ስድስት ሰዓት ላይ ጥጥ የጫነ መኪና ሹፌር መንገድ ዳር ወድቆ አገኘው። ጤና ጣቢያው ሲደርስ ጓደኞቹ ግሉኮስ ሰቀሉለት። እንዲህ የደረቀ ሰው ሲመጣ ደም ሥር የሚያገኘው እሱ ነበር፤ የእሱን ግን ቶሎ ያገኘ የለም። ስምንት ሰዓት ላይ ሞተ። ውሃ ሊፈቀድለት አንድ ሰዓት ቀርቶት ነበር።

ቀብሩ ላይ የነፍስ አባቱ ክንዴን ይዘው «ቢመጣ እፈቅድለት ነበር» ይሉኝ ነበር፣ ደጋግመው፣ ፈራጁ እኔ የሆንኩ ይመስል። ወንጌላዊው ከሳምንት በኋላ ወደ ነጋዴዎቹ ሄደ፤ እኔም አብሬው ነበርኩ።

«የሁለተኛው ሩጫ ቆርቆሮ አልመጣም» አላቸው።

«ለሁለተኛው ማን ቃል ገባ?» አለ አንደኛው።

«እሱ ገባ። ሹፌሩ እስካነሣው ቦታ ድረስ በእግሩ ነው የመጣው። ቁጠሩ።»

ነጋዴው ሊከራከር አፉን ከፈተና ተወው። ቆርቆሮው መጣ፤ የሕመምተኞቹ ማብሰያ ተሸፈነበት።

ግንቦት ላይ ሚስቱ ልጇን አዝላ ወደ ማረፊያው መጣች። ያደረግኩትን ሁሉ ነግሬያት ነበር። ከዚያ በኋላ አነጋግራኝ አታውቅም። ሕመምተኞቹ አግዳሚ ለቀቁላት፤ ተቀመጠች።

«መምህር፣ በመጀመሪያው ቀን ውሃውን ሲጠጣ ምን አለ?»

«ተመስገን አለ።»

«ድምፁን አውጥቶ?»

«አውጥቶ።»

የልጅቷን ማዘያ አጠበቀች። «እንግዲያው ስለቱን ያኔ አስገብቶ ነበር» አለች። «ጨርሶ ነበር እኮ። ምናለ ዝም ብትለው?»

ዝናቡ ያን ጊዜ ወረደ። ቆርቆሮ ሥር ተቀምጦ የጋምቤላን ዝናብ የሰማ ያውቀዋል፤ ሰው አጠገቡ ያለውን እንኳ አይሰማም። አፌን ከፍቼ የሆነ ነገር አልኩ። እሷ ጣሪያውን ታይ ነበር።