ያልወረዱበት ጠዋት

ከሓድነት ሰፈር ወደ መሃል ከተማ በሚወስደኝ ሚኒባስ ላይ የማገኛቸው አንዲት መምህርት አሉ። ስማቸውን አላውቅም። የቤታቸውን ቁልፍ ከማተባቸው ጋር አንገታቸው ላይ አስረውታል። ሁለተኛው ፌርማታ ስንደርስ «በሩን ቆልፌው ይሆን?» ይሉና ወርደው ይመለሳሉ፤ ክፍል የሚገቡት አርፍደው ነው። ከጦርነቱ ወዲህ የጀመራቸው ጭንቀት ነው ይላሉ ጎረቤቶቻቸው።

ትናንት ፌርማታው ጋ ስንደርስ ሾፌሩ እንደ ልማዱ ፍጥነቱን ቀነሰ።

«አደይ፣ ላቁምልዎ?»

መምህርቷ ብድግ አሉ። ዓይናቸውን ጨፍነው በረጅሙ ተነፈሱ፤ ከንፈራቸው በጸሎት ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ተመልሰው ተቀመጡ።

«ንዳው ወደይ፣ ንዳው ልጄ! ቆልፌዋለሁ። ባልቆልፈውም እግዚአብሔር እቤት አለ» አሉና ከት ብለው ሳቁ።

ከኋላ ወንበር አንዲት ሴት እልልታዋን አቀለጠችው። ሾፌሩም ክላክሱን እያስጮኸ ፌርማታውን አለፈው።