ያልተፈተሸው አምስተኛ ጎማ

ባሌ እንዳላማው ያለ ስኮርታ፣ ያለ ትርፍ ጎማ፣ ከደብረ ማርቆስ ንቅንቅ አይልም። የሚኒባሳችንን ወንበር ነቅሎ አልጋ የዘረጋባት፣ የውኃ ጀሪካንና ቡታጋዝ ያሰናዳላት እሱ ነው። ጠበል የሚሄዱ በሽተኞችን እያስተኛ ያመላልስባታል፤ መንገድ ላይ ስንሰነብት ደግሞ ቤታችን እሷው ናት። ትርፍ ጎማው አልጋው ሥር ተወትፎ ለዕቃዬ ቦታ ስለነሣኝ "አውጣልኝ!" እያልኩ ስንት ጊዜ ተጨቃጭቄዋለሁ። "መንገድ ይሉኝታ የለውም" ይለኛል።

ግንቦት ላይ ከደጀን ስልክ ተደወለ። አጎቱ መሪጌታ ገዳሙ ሕመም ጠንቶባቸዋል። እናት አባቱን በልጅነቱ ላጣው እንዳላማው አባትም መምህርም የሆኑት እሳቸው ናቸው። ከዜማ ቤታቸው ጠፍቶ መሪ የጨበጠ ዕለት ግን "ምርቃቴን አታገኛትም" ብለውት ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በየበዓሉ ጉልበታቸውን እየሳመ ባዶውን ተመልሷል። አሁን ዓይናቸው ጠፍቶ ትንፋሻቸው ሲያጥር "ይምጣ፣ ልመርቀው" አሉ። ጎልማሳው ባሌ ስልኩን ዘግቶ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

በማግስቱ፣ አልጋዋ ላይ አስተኝተን ማርቆስ ሐኪም ቤት ልናመጣቸው ተሰናዳን። እንዳላማው ለዚያ መንገድ ሲል ለስኮርታ የሚሆን አዲስ ጎማ ገዛ፤ ከብት ሲጠብቅ ምልክት ማድረግ ስለለመደ በውስጠኛው ጎኑ በቢጫ ቀለም መስቀል አደረገበት። ከመኪናዋ ሆድ ሥር ያሰረልን መሳፍንት ነው፤ አልጋው ሥር ያለው ቦታም ለእኔ ተለቀቀ። መሳፍንት ጎማ የሚጠግን ጎሚስታ ነው፤ የሠርጋችንም አንደኛ ሚዜ ነበር። እስከ ዛሬ "ሙሽራዬ" ነው የሚለኝ።

እዚያው መሳፍንት ሱቅ ደጅ፣ እንዳላማው እንደ ልማዱ አራቱን ጎማ በብረት እየመታ አዳመጠ። ወደ አምስተኛው ጎንበስ ሲል መሳፍንት ሳቀ።

"እኔ ያሰርኩትን?"

ባሌ አፍሮ ቀና አለ። ሚዜ ያሰረውን መፈተሽ ሌባ ነህ ከማለት አይተናነስም። መንገድ ይሉኝታ የለውም ባዩ ሰው ያን ዕለት ይሉኝታ ያዘው።

"እኔም ደጀን ጭነት አለኝ" አለ መሳፍንት። "ቀድሜ እደርስና እየመጣ ነው እላቸዋለሁ።" ከሱቁ ጓሮ ፒካፑን አስነሥቶ ወጣ።

አምበርን አልፈን ብዙም ሳንርቅ የኋላ ጎማችን ፈነዳ። እንዳላማው በክሪክ አነሣትና ከሥሯ ተኝቶ ስኮርታውን ፈታው። ጥርሱ ያለቀ፣ ሽቦው የወጣ፣ አየር የሌለው አሮጌ ጎማ ነው። ገልብጦ መስቀሉን ፈለገ፤ የለም። መሳፍንት ጋ ደወለ፤ ይጠራል፣ አይነሣም።

"ተሳስቶ ይሆናል" አለኝ።

ባሌ ሰው ሲከዳው እንኳ ለከዳው ምክንያት ይፈልግለታል። አምበር ድረስ በባጃጅ ተመልሶ ጎማ ፈልጎ እስኪመጣ ፀሐይዋ አናት ላይ ወጣች።

ደጀን ስንደርስ የመሪጌታ ደጅ በለቅሶ ተሞልቷል። መሳፍንት ከሰዉ መሀል ወጥቶ ባሌ አንገት ላይ ተጠመጠመ።

"ሲያጣጥሩ ደረስኩ" አለ እያነባ። "እጄን ያዙና 'እንዳላማው፣ መጣህ?' አሉኝ። ቅር ብሏቸው እንዳይሄዱ ብዬ አዎ አልኳቸው። እጃቸውን ራሴ ላይ ጭነው መረቁኝ። መረቁህ ማለቴ ነው።"

እንዳላማው ገብቶ አስከሬኑን ተሳልሞ ወጣ። ከዚያ ብረቱን ከመኪናችን አንሥቶ አጥሩ ጥግ ወደቆመችው ፒካፕ ሄደና የኋላ ጎማዋ ሥር ተንበረከከ። እኔም ጎንበስ ብዬ አየሁ። ቢጫው መስቀል ጭቃ ነካክቶታል እንጂ አለ። አንድ ጊዜ መታው። ሙሉ ነበር።

መሳፍንት ከኋላችን መጥቶ ቆመ።

"ለዛሬ ብቻ ነበር፤ የእኔ ጎማ አልቆ ነው። ማታውን ልመልሰው ነበር። ስኮርታ እኮ ብዙውን ጊዜ ታስሮ ይሄዳል፣ ታስሮ ይመለሳል..."

አፌ ያመጣውን ልነግረው ስል ባሌ ክንዴን ያዘኝ።

"ጎማውን ተወው" አለው። "ምን ብለው መረቁኝ? ቃሉን ንገረኝ።"

መሳፍንት እጅ የተጫነበትን ራሱን ዳበሰ።

"በግእዝ ነበር" አለ። "አልያዝኩትም።"