የተረፈች ጠመኔ

የቋንቋ ትምህርት ቤታችንን የሚያጸዱት ሴትዮ ሰሌዳ ሲያጠፉ እጅጌያቸውን እስከ ክርናቸው ይሰበስባሉ። የተረፈች ጠመኔ ካገኙ አይጥሏትም፤ ሽርጣቸው ኪስ ውስጥ ይከቷታል። ዛሬ ተማሪው ሁሉ ወጥቶ እኔ ብቻ የእንግሊዝኛው «ፐርፌክት ቴንስ» ላይ አፍጥጬ ቀረሁ።

«ምን ጎለተህ፣ ልጄ?» አሉኝ።

«‹ሃቭ› መቼ እንደሚጨመር ግራ ገባኝ፣ እትዬ።»

መወልወያቸውን ግድግዳ አስደግፈው ጠመኔዋን አወጡ። «ቁልፌ ትናንት ጠፋ ካልክ ያለፈ ወሬ ነው። እስካሁን ደጅ ቆመህ ከሆነ ግን ‹ሃቭ› ያስፈልግሃል፤ ነገሩ ገና አልለቀቀህማ!»

እየተናገሩ ሁለት መስመር ቁልጭ አድርገው ጻፉ። ከዚያ ሰሌዳውን እንዳይከልሉ ወደ ጎን ፈቀቅ አሉና ባዶዎቹን ወንበሮች አሻግረው እያዩ ጠየቁ፦

«ከኋላ ያላችሁ፣ ይታያችኋል?»