የወጌሻው ፋሻ

እህቴን ያገባው ሰው በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ አንድ ቀን ሙሉ ድንጋይ ተጭኖት ውሏል። በድንጋይ ካባ ውስጥ በቀን ሥራ ይሠራ ነበር። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሲቆፍሩት የከረሙት ገደል ተናደና ከነመዶሻው ዋጠው። አፉ አፈር ስለሞላ መጮኽ አልቻለም፤ ጆሮው ግን ይሰማ ነበር። ከላይ ቆመው ሲነጋገሩ ሰማቸው። «ተዉት፣ አልቆለታል። ለሬሳ ብለን ሌላ ሰው እንዳናስበላ» አለ አንዱ። አንድ ሽማግሌ ድንጋይ ፈላጭ ደግሞ «ሬሳም ቢሆን እናት አለው» አሉና መቆፈራቸውን ቀጠሉ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አወጡት። ግራ ክንዱ ሁለት ቦታ ተሰብሮ ነበር። ክንዱን የጠገኑለት እኚያው ሽማግሌ ናቸው። ሰው ሁሉ ሲጠገን ይጮኻል፤ እሱ ግን በየመሀሉ «አሁን የቱን ነው የያዙት? ወዴት ነው የገፉት?» እያለ ይጠይቅ ነበር አሉ። ሽማግሌው ቢቸግራቸው «አንተ ልጅ፣ እንደ ሰው ጩኽ እንጂ! ልታሳክም መጣህ ወይስ ልትማር?» አሉት። ለሁለቱም ነበር የመጣው። ክንዱ ሳይድን የሰው ጣት መጠገን ጀመረ። በኋላ ከካባው አጠገብ ባለው ሜዳ ኳስ የሚጫወቱ ልጆችን ሲያሽ የከተማው ትልቁ ክለብ አየውና ወሰደው። የዚያ ክለብ ወጌሻ ሆኖ ሠላሳ አንድ ዓመት ሠራ። እኔ የዚያው ክለብ አውቶቡስ ሹፌር ነበርኩ፤ እህቴን ያየውም በእኔ በኩል ነው።

ክለቡ የሰጣቸው ቤት ከስታዲየሙ ትሪቡን ደረጃ ሥር ያሉ ሁለት ክፍሎች ነበሩ። ጎል ሲገባ መደርደሪያው ላይ ያሉት ብርጭቆዎች ይንጫጫሉ። እህቴ ውጤቱን የምታውቀው በብርጭቆ ነው። «ሦስቴ ጮኹ፤ ሦስት ለባዶ ናችሁ ማለት ነው» ትለን ነበር። ልጆቿን ያሳደገችው እዚያ ነው። ሌላ ቤት አልነበራቸውም።

ወጌሻው አንድ ደንብ ነበረው። የመታሻው አልጋ ላይ የተኛ ተጫዋች ጉዳቱን የት እንዳገኘው እውነቱን ይናገራል፤ የተነገረው ደግሞ ከዚያች ክፍል አይወጣም። «ውሸት ከነገርከኝ አጥንትህን በውሸት ነው የምጠግነው» ይላቸዋል። ተጫዋቾቹ የኑዛዜ አልጋ ይሉት ነበር። ከካምፕ ጠፍቶ ጭፈራ ቤት የወደቀው፣ ከሚስቱ ሸሽቶ አጥር የዘለለው፣ ሁሉም እዚያ ተናዟል። ይህንም የሰማሁት ከራሳቸው ነው፤ እሱ ለእኔ እንኳ አንድም ቃል ነግሮኝ አያውቅም።

በዚያን ዓመት አንድ አጥቂ ነበረን። ምስማር ይሉታል። ቀጭን ነው፤ አንዴ ሳጥኑ ውስጥ ከገባ የሚነቅለው የለም። ከተማው በስሙ ይምል ነበር። ዋንጫ ካየን አሥራ ሁለት ዓመት አልፎን ነበርና በእሱ ጎል መሪ ሆነን ስምንት ጨዋታ ብቻ ቀርቶናል። አንድ ቅዳሜ ማለዳ፣ ማንም ሳይመጣ፣ ይህ ልጅ ቀኝ እጁን በማልያ ጠቅልሎ ወደ መታሻው ክፍል ገባ። የሆነውን ወጌሻው የነገረኝ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው።

«የት አገኘህ?» አለው።

«ግድግዳ መታሁ፣ አባባ።»

ወጌሻው እጁን ዳበሰው። አብጧል። ከሁለት ጣቶቹ መገናኛ ላይ ትንሽ ጠባብ ቁስል አለች። ጥርስ የገባበት ነው።

«ግድግዳ ቆዳ ይልጣል። ይሄ አልተላጠም። ደንቡን ታውቃለህ።»

ልጁ ዓይኑን ወደ ጣሪያው አነሳ። «እጮኛዬን ነው» አለ። «ቡጢው በዛ። እኔም ሳላውቀው በዛ።» ከዚያ ወዲያው «ለነገ እደርሳለሁ?» ብሎ ጠየቀ።

ወጌሻው ያን ጊዜ ክው ብሎ መቅረቱን አልሸሸገኝም። ግን እጁ የለመደውን ሥራ ሠራ። ነጩን ፋሻ ከእጅ አንጓው አስነስቶ፣ በአውራ ጣቱ ሥር ሁለቴ አሻግሮ፣ መዳፉ ላይ ቋጨው። እንዲህ አድርጎ የሚያስር ሌላ ወጌሻ የለም። ልጁም በማግስቱ ሁለት ጎል አገባና ያንን የታሰረ እጅ ወደ ደጋፊው አነሳ። በዚያው ሰዓት ልጅቷ መንጋጋዋ ተሰብሮ በሽቦ ታስሮ፣ ጣቶቿ ተሰብረው ሆስፒታል ተኝታለች።

ሰኞ ፖሊስ ያዘው። ረቡዕ በዋስ ወጣ። ሐሙስ ልምምድ ላይ ነበር። ክለቡ «ፍርድ ቤት እስኪወስን ድረስ ማንም ሰው ንጹሕ ነው» የሚል መግለጫ አወጣ። ቃሉ ትክክል ነው፤ እኔም አምንበታለሁ። ነገር ግን ከዚያ ሁሉ ሹም አንድ ሰው እንኳ «ልጅቷ እንዴት ናት?» ብሎ ሲጠይቅ አልሰማሁም። ፌዴሬሽኑም ዝም አለ። የሜዳውን ሰው ሁሉ ያስጨነቁት የቀሩት ሰባት ጨዋታዎች ነበሩ።

የሚቀጥለው እሑድ አውቶቡሱን ወደ ስታዲየሙ ሳስገባ መንገዱ በነጭ ተሞልቷል። ደጋፊው በሙሉ ቀኝ እጁን በፋሻ አስሯል። ፋሻ ያላገኘው አንሶላ ቀዷል። አባቶች ትከሻቸው ላይ የተሸከሟቸው ሕፃናት ሳይቀሩ እጃቸው ታስሯል። ሁሉም በአውራ ጣት ሥር ሁለቴ የተሻገረ፣ መዳፍ ላይ የተቋጨ ነው። ወጌሻው ከፊት ወንበር ተቀምጦ ነበር። ፊቱ አመድ መሰለ። «ምን ሆንክ?» ስለው «ምንም» አለኝ፤ እጆቹን ግን ብብቱ ውስጥ ደበቃቸው።

ማክሰኞ የቡድን መሪው ቢሮ ጠራው። «ጋሼ፣ ይቀመጡ፤ ሻይ ይምጣልዎት?» ብሎ ጀመረ። ጠረጴዛው ላይ የተተየበ ወረቀት አለ። ልጁ እጁን የጎዳው ዓርብ በልምምድ ላይ ከጎሉ ብረት ጋር ተጋጭቶ እንደሆነ፣ ወጌሻውም በዚያው ዕለት እንዳከመው ይናገራል።

«ዓርብ አይደለም ያከምኩት» አለ ወጌሻው።

«ቀን ይረሳል፣ ጋሼ። ዕድሜ ነው።»

«እኔ ቀን አልረሳም።»

የቡድን መሪው ሻዩን ወደ ጎን ገፋው። «ስማ» አለ፤ ጋሼነቱ እዚያው ላይ አበቃ። «ያ ቤት የማን ነው? ሚስትህ ከዚያ ወጥታ የት ትገባለች? ደግሞ እኔ ልተውህ፤ ውጪ ያለው ሕዝብ ይተውሃል? ዋንጫውን ያስቀረው ወጌሻው ነው ቢባል እስከ በርህ የምትደርስ ይመስልሃል?»

ፈረመ።

ቤት ገብቶ ለእህቴ ምንም አልነገራትም። ነገሩ ግን ወረቀቱ ላይ አልቆመም። በነጋታው ከቀትር በኋላ በሩ ተንኳኳ። እህቴ ስትከፍት ሰባት ስምንት ጎልማሶች የፋሻ ጥቅል ይዘው ተሰልፈዋል። «እማማ፣ አባባ በራሳቸው እጅ እንዲያስሩልን ነው። እኛ ስናስረው ይላላል» አሉ እየሳቁ። አሰረላቸው። በሚቀጥለው ቀን ሃያ ሆነው መጡ፤ አሰረላቸው። አንድ ግዙፍ ሰውዬ ሲጨርስለት እጁን አልለቅ አለው። «ፍርድ ቤት ሊጠሩ ነው አሉ። ቃልዎትን አይለውጡም አይደል፣ አባባ?» አለ። ይስቃል፤ ግን ይጨምቃል። ወጌሻው አጥንት ያውቃልና የገዛ አጥንቱ ለመሰበር ምን ያህል እንደቀረው እየቆጠረ ቆመ።

ከዚያ ወዲያ በር ሲንኳኳ ይደነግጥ ጀመር። ሌሊት ሦስቴ ተነስቶ መቀርቀሪያውን ይፈትሻል። እህቴ ለእኔ «ይሄ ሰውዬ ታሟል፤ አንተ ወንድም አይደለህ? ጠይቀው እንጂ» አለችኝ። ጠየቅኩት። «ተወኝ» አለኝ። ሦስት ሳምንት እንዲሁ አለፈ።

ሰኞ ሰኞ የዕረፍት ቀኑ ስለሆነ ከእህቴ ጋር እየመጣ እኔ ቤት በረንዳ ላይ የሰፈር ሰው ያክም ነበር። ከዕለታት በአንዱ ሰኞ አንዲት እናት ሻርፕ የተከናነበች ሴት ልጇን ይዛ መጣች። «ጄሶው ከተፈታ በኋላ ሁለት ጣቶቿ አልታጠፍ አሏት። እባክዎ፣ አባቴ፣ የእርስዎን እጅ አመስግነውልኝ ነው» አለች።

«የት አገኛት?»

«ወድቃ ነው።»

ወጌሻው ጣቶቿን ዳበሰ። የወደቀ ሰው መዳፉን ያስቀድማል፤ የሚሰበረውም በአንድ በኩል ነው። ይህ እጅ ፊትን ሲከልል በላዩ ላይ የተመታ ነበር። ቀና ብሎ አያት። ልጅቷ አፏን አልከፈተችም፤ በከንፈሮቿ መሀል ሽቦው ይታያል። ያን ጊዜ ማን እንደሆነች አወቀ። እኔም ያወቅኩት የእሱን ፊት አይቼ ነው።

አሻት፤ ጣቶቿን ቀስ እያለ አፍታታቸው። እሷም ዓይኗን ጨፍና ታገሰች። ከዚያ ፋሻ አነሳና፣ እጁ የሚያውቀው ያንን ብቻ ስለሆነ፣ ከአንጓዋ አስነስቶ በአውራ ጣቷ ሥር አሻገረው። ዓይኗን ገለጠች። እጇን አየችው። በሽቦው መሀል የወጣው ድምፅ የሰው ድምፅ አይመስልም ነበር። እጇን ነጥቃ ከወንበሩ ወረደችና በረንዳው ጥግ ግድግዳ ላይ ተለጥፋ ፋሻውን በጥርሷ ልትቀድ ሞከረች፤ መንጋጋዋ ግን አይከፈትም።

እናትየዋ ሮጣ አቀፈቻት። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አባቴ። ይሄንን አስረው በደጃችን ያልፋሉ። ‹ውሸታም› እያሉ በሩን የሚደበድቡት በዚህ እጅ ነው። ከቤት ከወጣች የዛሬው ገና ሁለተኛዋ ነው» አለች።

ወጌሻው ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ካለችበት ሳያስነሳት ፋሻውን ፈታላት። እህቴ አበባ ያለበት የራሷን የራስ ሻሽ አምጥታ ሰጠችው፤ ጣቶቿን በእሱ ደግፎ አሰራቸው። አስተሳሰሩን ለማሳመር አልሞከረም። እናትየዋ ልትሰናበት ስትነሳ «ያ ፋሻ የእኔ ነው» አላት። «እጁን ያሰርኩት እኔ ነኝ። ሐሰቱንም የፈረምኩት እኔ ነኝ።» እናትየዋ አየችው። አልሰደበችውም። ልጇን ይዛ ወጣች።

ያን ቀን እህቴ ሁሉንም ሰማች። የምትጮኽበት መስሎኝ ነበር። «ቤቱን ስንለቅ ብርጭቆዎቹን በምን እንጠቅልላቸው?» ብቻ ነው ያለችው።

ወጌሻውን ፍርድ ቤት የጠራው የአጥቂው ጠበቃ ነው፤ የመከላከያ ምስክር አድርጎ። በታክሲ ወሰድኩት። ግቢው በፋሻ በታሰሩ እጆች ተሞልቷል። ሲያዩት አጨበጨቡለት፤ የፋሻ ጭብጨባ ደግሞ ድምፁ የታፈነ ነው፣ ከሩቅ ሰው የሚደበደብ ይመስላል። ክንዴን ይዞኝ ነበር። ጣቶቹ ሥጋዬ ውስጥ ገቡ። «ብመለስስ?» አለኝ ደረጃው ላይ። «እመልስሃለሁ፤ ታክሲው አልሄደም» አልኩት። ክንዴን ለቆ ደረጃውን ወጣ።

ጠበቃው ወረቀቱን አሳየውና «ፊርማው የእርስዎ ነው?» አለ።

«የእኔ ነው።»

«ስለዚህ ተከሳሹ እጁን የጎዳው ከጎሉ ብረት ጋር ተጋጭቶ ነው።»

ወጌሻው ከንፈሩ ደርቆ ሁለት ጊዜ ሞክሮ አቃተው። ዳኛዋ ውሃ ይሰጠው አሉ። ብርጭቆውን ሳይጠጣ እንደያዘ «ቁስሉ የጥርስ ነው» አለ። «የጎል ብረት ጥርስ የለውም። ወረቀቱን ፈርቼ ነው የፈረምኩት። ቅዳሜ ጠዋት ነው የመጣው፤ ያደረገውንም በራሱ አፍ ነግሮኛል።»

ከኋላ አንድ ሰው የወጌሻውን ስም ጠርቶ ምን እንደሚያደርገው ዛተበት፤ ፖሊሶች ሰውዬውን ያዙት። እኛን በጓሮ በር አወጡን።

ልጁ ተፈረደበት። ፌዴሬሽኑ ያገደው ያን ጊዜ ነው፤ ከክሱ በኋላ ባደረጋቸው ጨዋታዎች አምስት ጎል አግብቷል። ዋንጫው ለሌላ ሄደ። የቡድን መሪው እዚያው ወንበሩ ላይ ነው። ወጌሻው «የሙያ ምስጢር ባለመጠበቅ» ተባረረ፤ ቤቱን በአሥር ቀን ለቀው እኔ ጓሮ ገቡ። እኔም የአውቶቡሱን ቁልፍ መለስኩ። ሁለት እሑድ ጣሪያችን በድንጋይ ተደበደበ፤ እህቴ አልጋ ሥር ገብታ ሳለች «ይሄኛው ጎል አይቆጠርም» ብላ አሳቀችን።

ይህን ልጽፍ እንደሆነ ነገርኩት። ያለኝን እንዳለ አስቀምጫለሁ፦

«ጀግና አታድርገኝ፤ እንዳትዋሽብኝ። አሁንም በር ሲንኳኳ መጀመሪያ የማየው የምሸሽበትን ነው። የምትጽፈው ከሆነ ሦስቱን ሳምንት ጻፍ። እያወቅኩ ዝም ያልኩባቸውን። ሃያ ሰው ተሰልፎ እጁን ሲሰጠኝ እያሰርኩ የላክኋቸው ወደ ማን በር ነበር? የመልካም ሥራ መጨረሻ ምንድን ነው ብለህ ብትጠይቀኝ አላውቅም። ለእኔ ትልቁ ነገር ልጅቷ በሌላ ሰኞ ብቻዋን መምጣቷ ነው። እናቷ አልነበረችም። በሩን አንኳኳች፤ እኔ እንደ ልማዴ ደነገጥኩ፤ ከፈትኩ፤ ‹ትንሿ ጣቴ አሁንም አልታጠፍ ብላለች› አለች። መንጋጋዋ ተፈትቶላታል። ድምፅዋን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር።»