«ላስብበት» ያለኝ ሰው

የስደት ወሬ ሁሉ በጨለማ ይጀምራል። እኔ ግን ከአዲስ አበባ የወጣሁት በጠራራ ፀሐይ፣ ግማሽ ራሴን ተላጭቼ ነው። አትሳቁ። የዘጠና ሰባቱ ምርጫ ውጤት አልጠራ ብሎ ከተማው የታመሰበት የሰኔ ሳምንት ነበር። ኮልፌ ሰፈራችን ፀጉር ቤት ተቀምጬ፣ ማሽኑ ከግራ ጆሮዬ በላይ ሲደርስ የፖሊስ መኪና መጥቶ ፊት ለፊት ካለው የጋሽ ሸምሱ ብየዳ ቤት ደጃፍ ቆመ። ፀጉር አስተካካዩ ማሽኑን አጥፍቶ መጋረጃውን ሳበ። እኔ በመጋረጃው ጠርዝ አየሁ።

ጋሽ ሸምሱ የግቢ በር የሚሠራ፣ ድምፁ የማይሰማ የግድግዳ ጎረቤታችን ነበር። አንገቱን አንቀው አወጡት። «ምን አደረግሁ?» ሲል ሰማሁት። መልሱ አፉ ላይ ያረፈ ሰደፍ ሆነ። ጥርሱን ከነደሙ ተፋ። አንደኛው ፖሊስ ደብተር ገልጦ ስሙን ጮክ ብሎ አነበበ፣ ሌሎቹ ጉልበቱንና ጀርባውን በዱላ እየቀጠቀጡ አስተኙት። ሚስቱ እትዬ ዘይነባ ኡኡ እያለች ከቤት ስትወጣ ሊነሳ ሞከረ፤ ያኔ ተኮሱበት። ሁለት ጊዜ ነው የተኮሱት። ገና ቀለም ያልተቀባ በር ተደግፎ ቁጭ አለ፣ እዚያው ቀረ።

ደብተሩ የእኔ ነበር። ሰማያዊ ሽፋኑን ከመንገዱ ማዶ አወቅሁት።

እስቲ ልናዘዝ። በምርጫው ሰሞን እኛ የሰፈር ወጣቶች ለተቃዋሚው ቤት ለቤት እንቀሰቅስ ነበር። በየአባወራው ስም አጠገብ እሺ ላለ ራይት፣ እምቢ ላለ ኤክስ፣ ላመነታ የጥያቄ ምልክት እናደርጋለን። አስተባባሪያችን ራይት የበዛለትን በሰው ፊት ያመሰግነዋል፤ እኔ ደግሞ መመስገን እወዳለሁ። ጋሽ ሸምሱ የብየዳ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቅሎ «ላስብበት ልጄ» አለኝ። ገና ከደጁ ሳልርቅ ራይት አደረግሁበት። ገጹ እንዲያምር ብዬ ነው፣ ሌላ ምክንያት የለኝም። ከምርጫው በኋላ ደብተሮቹን አቃጥሉ ሲባል ሁሉም አቃጠለ። እኔ ኮርቼበት ፍራሼ ሥር አስቀመጥኩት። ለካ የዚያን ቀን ጠዋት እኔ ሳልኖር ቤታችን ተፈትሾ ኖሯል።

ፀጉር አስተካካዩ የራሱን ኮፍያ ደፍቶልኝ በጓሮ አስወጣኝ። እናቴን አልተሰናበትኩም። ሻሸመኔ ስደርስ ሰው ሁሉ ራሴን የሚያይ ይመስለኝ ነበር። በሞያሌ በኩል ከከብት ጋር በጭነት መኪና ተሻገርኩ። ናይሮቢ ኢስሊ ሰፈር አንድ ፖሊስ ወረቀት የለህም ብሎ በቆመጥ ጎኔን ሰበረኝ፤ ወረቀት ሳወጣ ደግሞ ያው ፖሊስ ወረቀቱ የውሸት ነው ብሎ መታኝ። ዱላ በቀመስኩ ቁጥር የሚገባኝን ያገኘሁ እየመሰለኝ ዝም እል ነበር። ለማንም አልተናገርኩም። ስደውል እናቴ «ዘይነባ ሰላም ብላሃለች፣ በየሶላቷ አንተን ሳታነሳ አትውልም» ትለኛለች። የዚያን ቀን ብዙ ቤት ስለተፈተሸ ደብተሩ ከማን ቤት እንደ ወጣ፣ ማን እንደ ጻፈው የሚያውቅ አልነበረም። ለታመመች እናቴ ውሃ የምትቀዳላት እትዬ ዘይነባ ናት፤ ብናገር እናቴን ማን ያያታል እያልኩ ለራሴ ሰበብ እሰጥ ነበር።

ከዓመት ከመንፈቅ በኋላ፣ በስደተኛነት ተመዝግቤ፣ በጥር ወር አሜሪካ ሚኒሶታ ገባሁ። ብርዱን ለማስረዳት አልሞክርም፣ የአፍንጫ ፀጉር ቀጥ ብሎ እንደሚቆም ብቻ እወቁ። ስደተኛ የምታቋቁመው ሠራተኛ፣ ኬዝወርከሯ፣ ዌስት ሴንት ፖል ውስጥ የቤቱን ምድር ቤት፣ ቤዝመንቱን፣ ወደሚያከራይ ሚስተር ዶላን የሚባል የአየርላንድ ሽማግሌ ወሰደችኝ። ሰውዬው ደረጃው ላይ ቆሞ መረመረኝ። ታጨሳለህ አለኝ፣ አላጨስም አልኩ። ትጠጣለህ አለኝ፣ ሙስሊም ነኝ አልኩ። ፖለቲካስ ሲለኝ አልወድም አልኩት።

«ታዲያ ክረምቱን ሙሉ ምን ልናወራ ነው?» አለና ቁልፉን ሰጠኝ።

ድንች ቀቅሎ በጨውና በቅቤ ይበላል፣ ቅመም የሚባል ነገር አያውቅም። አንድ ቀን ሚጥሚጣ ነስንሼለት ሦስት ቀን ኮርፎኛል። ያደገው ደብሊን መሃል፣ ከወንዙ በስተሰሜን ባለ የሠራተኛ ሰፈር ነው፤ አርባ ዓመት አሜሪካ ኖሮም ልቡ ያለው እዚያ የምርጫ ክልል ውስጥ ነው። ከእሱ የምርጫ ክልል ብቻ አራት ሰው ፓርላማ ይገባል። መራጩ በአንድ ምልክት አይገላገልም፤ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ እያለ በተወዳዳሪዎቹ ስም አጠገብ ቁጥር ይጽፋል። የወደቀው ሰው ድምፅ አይጣልም፣ ወደ ሁለተኛው ምርጫ ይተላለፋል፤ ስለዚህ ቆጠራው አንዳንዴ ቀናት ይፈጃል። ሚስተር ዶላን በወጣትነቱ ቆጠራ ተመልካች ነበር። የድምፅ ሳጥኑ ሲከፈት ቆጣሪዎቹን ከከለለው አጥር ማዶ ተንጠራርቶ የእያንዳንዱን ወረቀት ቁጥር እያየ፣ የትኛው መንገድ ነዋሪ ማንን እንደ መረጠ በእርሳስ ይመዘግባል። ሰፈሩን በር በበር ያውቀው እንደነበር እየሳቀ ሲነግረኝ አላሳቀኝም። በእኛ ሰፈር በር በበር የሚያውቅ ሰው ምን እንደሚያመጣ አይቻለሁ። እሱ የሚያወራው ግን እንደ ኳስ ጨዋታ ነው። የተቀናቃኙን ፖስተር ሰቃይ ከመሰላል ጎትቶ መንጋጋውን እንደ ሰበረውና በሳምንቱ ያው ሰውዬ በራሱ በሚስተር ዶላን ሠርግ ላይ እንደ ዘፈነ ይነግረኛል። መንጋጋ ተሰብሮ ሠርግ ላይ መዝፈን ምን ዓይነት አገር ነው እያልኩ እቀና ነበር።

በግንቦት የእነሱ ምርጫ ደረሰ። ሚስተር ዶላን የሚደግፈው የልጅነት ጓደኛውን ልጅ ነው። ቆጠራው ዓርብ ሆነ፤ እዚያ ከሰዓት በኋላ ሲሆን እዚህ ገና ጠዋት ነው። እኔ የአዛውንቶች መጦሪያ ልብስ ማጠቢያ ውስጥ የሌሊት ሺፍቴን ጨርሼ ስገባ ሽማግሌው ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ፣ የኩሽና ጠረጴዛው ላይ ትልቅ ወረቀት ዘርግቶ አገኘሁት። ወንድሙ ከቆጠራው አዳራሽ ሳጥን በሳጥን ይነግረዋል፣ እሱ ይጽፋል። ቁርስ አቀረበልኝ፣ አብሬው ተቀመጥኩ። መጀመሪያ ደስ ብሎት ነበር። በኋላ፣ ሙሉ በሙሉ የእኛ ነው ተብሎ የነበረ የአንድ መንገድ ሳጥን ሲከፈት ለጓደኛው ልጅ ድምፅ የሌለበት ሆኖ ተገኘ። ስልኩን ወርውሮ ሳህኑን ግድግዳ ላይ ከሰከሰው።

«ቤት ለቤት የቀሰቀሰ አንድ ውርጋጥ ነው ይህን ያደረገው» አለኝ። «ላስብበት ያሉትን ሁሉ የኛ ናቸው ብሎ ጽፎ። እንዲህ ያለውን ሰው ከፖስተሩ ጋር መብራት እንጨት ላይ መስቀል ነው።» ከዚያ ሳቀ።

እንዴት እንደ ተነሳሁ አላውቅም። የሰባ ዓመት ሽማግሌ አፍ ላይ በቡጢ መታሁ። ከወንበሩ ጋር ወደቀ፤ ላዩ ላይ ወጥቼ ኮሌታውን ይዤ፣ በማይገባው አማርኛ «አላውቅም ነበር፣ እንደሚገድሉት አላውቅም ነበር» እያልኩ ራሱን ከወለሉ ጋር አጋጨሁት። ያቆምኩት ደሙ እጄ ላይ ሲሞቀኝ ነው። ያየሁት ጋሽ ሸምሱን ነው፣ እኔ ደግሞ ሰደፍ የያዘው ሆኛለሁ። አፈርኩ፣ ፈራሁ፤ መሬት ላይ ተቀምጬ ፖሊስ ጥራ አልኩት።

ከንፈሩን በፎጣ ይዞ ቀስ ብሎ ተነሳ። በምርጫ ሰሞን ተመታሁ ብሎ ፖሊስ የሚጠራ ሰው በሰፈሩ እንደማይታወቅ እየሳቀ ነገረኝ። ወዲያው ግን ሳቁን አቁሞ፣ ከሁኔታዬ ገምቶ፣ ማንን እንደ ገደልኩ ጠየቀኝ። በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ ሁሉንም ነገርኩት። ስለ ራይቱ ስነግረው ዓይኑን ጨፈነ።

«ሚስቱ ታውቃለች?»

አታውቅም አልኩ።

«እንግዲያው ኑዛዜህን ይዘህ የመጣኸው የተሳሳተ በር ነው። ሂድና የእሷን አንኳኳ።» የሚያጽናና ነገር ጨምሮ አልተናገረም፤ የተሰበረውን ሳህን መልቀም ጀመረ። የደገፈው ሰው በማግስቱ ወደቀ።

ቅዳሜ ጠዋት ስኔሊንግ አቨኒው ካለ የሐበሻ ሱቅ የስልክ ካርድ ገዝቼ ቤዝመንት ገባሁ። ሦስት ጊዜ ደውዬ ሳይነሳ ዘጋሁት። በአራተኛው እትዬ ዘይነባ አነሳች። ድምፄን ስታውቅ ደስ ብሏት ስለ ጤናዬ፣ ስለ ብርዱ ጠየቀችኝ። አላስጨረስኳትም።

«እትዬ፣ ያን ደብተር የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

ቀጠልኩ።

«ጋሽ ሸምሱ እሺ አላለኝም። እኔ ነኝ ዋሽቼ እሺ ብሏል ብዬ ምልክት ያደረግሁበት።»

«ምን ነበር ያለህ?» አለችኝ። «አንድም ሳትጨምር ንገረኝ።»

«‹ላስብበት ልጄ› ነው ያለኝ።»

እንድትራገመኝ ጠበቅሁ፤ ብትራገመኝ ይሻለኝ ነበር። በኋላ የተናገረችው ለእኔም አይመስልም። «ልጆች አሉን፣ እባክህ ፖለቲካ ውስጥ አትግባ ስለው ‹አልገባም ዘይኑ› ይለኝ ነበር» አለች። «ስሙ ከዝርዝር ሲገኝ ሲዋሸኝ ኖሯል አልኩ። ለልጆቼም አባታችሁ ለእኛ ሳያስብ ሞተ ብያቸዋለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ዱዓ አላደረግሁለትም።»

ይቅር በይኝ ልል አፌን ስከፍት ስልኩን ከጆሮዋ አውርዳዋለች። አልዘጋችውም፣ የሆነ ነገር ላይ አስቀምጣው ነው። ልጆቿን በየስማቸው ስትጠራ ሰማኋት። «ኑ፣ አባታችሁ አልዋሸኝም» አለቻቸው። ከዚያ እሪ አለች፤ ዛሬ የሞተ ያህል ስሙን እየጠራች አለቀሰች፣ ልጆቹም ተከተሏት። ካርዱ አንድ ደቂቃ እንደ ቀረኝ በእንግሊዝኛ ነገረኝ። በር ሲንኳኳ፣ ሲከፈት፣ የሚጎተት የእግር ኮቴ ሲገባ ሰማሁ። እናቴ ናት፣ በግድግዳው ተሰምቷት በሕመሟ ተነስታ መጥታ ነው።

«ምነው ዘይነባ፣ ማን ነው የደወለው?»

«እማ» አልኩ። ደግሜ ጮክ ብዬ «እማ» አልኩ። ከሩቅ፣ እትዬ ዘይነባ ስሜን ስትነግራት ሰማሁ፤ እናቴ ምን እንዳለች ሳልሰማ መስመሩ ተቋረጠ።